ለወርክሾፕና ለመጋዘን ሌብል በምን እናሳትም? አማራጮቹ ሲነጻጸሩ

ሌብል ሊያሠራ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው ፕሪንተር ይሻላል?" ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ መጨረሻ ላይ መምጣት አለበት። መቅደም ያለበት ሌብሉ በምን ላይ እንደሚለጠፍና ከተለጠፈ በኋላ ምን እንደሚያገኘው ማወቅ ነው፤ ፀሐይ፣ ዘይት፣ ውሃ ወይስ የሰው እጅ? ይህ ከታወቀ ከአማራጮቹ ግማሾቹ ያለ ክርክር ይወድቃሉ፤ ገንዘብም ይተርፋል።

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቃሊቲና በአቃቂ፣ ወጣ ሲባልም በገላን፣ በሰበታና በቡራዩ ባሉ ፋብሪካዎች፣ ጋራዦችና መጋዘኖች ሌብል ቶሎ የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው። አንደኛው ፀሐይ ነው። አካባቢው ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ከፍታ 1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቀለም የሚያነጣው የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የመጋዘን በር ላይ ወይም ግቢ ውስጥ በቆመ ጀነሬተር ላይ የተለጠፈ ነገር ቶሎ የሚነጣው ለዚህ ነው። ሁለተኛው የበጋ አቧራ ነው፤ ሙጫው ብረቱን ሳያገኝ አቧራውን ይዞ ይቀራል። ሦስተኛው ክረምት ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚሰበሰበው እርጥበት ወረቀት የሆነውን ሁሉ ያሳብጠዋል።

የሚለጠፈው ነገር ለጌጥ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 ሠራተኛው ሥራው ሊያስከትል የሚችለውን አደጋና መውሰድ ያለበትን ጥንቃቄ እንዲያውቅ የማድረግ ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል። የነጣ ማስጠንቀቂያ ማንንም አያስጠነቅቅም። ብሬከሩ ላይ ያለው ስም ካልተነበበ ሠራተኛው የሚያጠፋው በግምት ነው፤ በግምት በጠፋ መስመር ላይ እጁን የሚያስገባ ሰው የሚያስይዘው ሕይወቱን ነው።

ኤ4 ወረቀትና ላሚኔሽን

ርካሹና ሁሉም ቢሮ ያለው መንገድ ይህ ነው። ደረቅ ክፍል ውስጥ፣ ለማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ለቢሮ ፋይልና በየወሩ ለሚቀየር መመሪያ ይበቃል። በሌዘር ፕሪንተር ይታተም እንጂ በኢንክጄት አይታተም፤ የተለመደው የኢንክጄት ቀለም ውሃ ሲነካው ይፈሳል።

ላሚኔት ሲደረግ ሁሌም የሚፈጸም አንድ ስህተት አለ። ወረቀቱ ከተላሚነተ በኋላ ጠርዙ ላይ ተጠግቶ ይቆረጣል። ያኔ ወረቀቱን የያዘው ፕላስቲክ ይከፈትና በመጀመሪያው ዝናብ ውሃ በጎን ይገባል። ከወረቀቱ ጠርዝ ቢያንስ 5 ሚሊሜትር ፕላስቲክ ይተዉ። ለመስቀያ ቀዳዳ ካስፈለገም ቀዳዳው በዚህ ትርፍ ፕላስቲክ ላይ ይሁን፤ ወረቀቱን የበሳ ቀዳዳ ውሃ መሳቢያ ይሆናል። ማሽን ላይ፣ ዘይት ባለበትና ደጅ ግን ይህ አማራጭ አይሆንም።

ያለ ሪባን በሙቀት ብቻ የሚያትም ፕሪንተር

የሱፐርማርኬት ደረሰኝ የሚታተምበት ዘዴ ነው። ወረቀቱ ራሱ ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል፤ ቀለምም ሪባንም (ቀለም የተቀባ ቀጭን ጥቅል) አይፈልግም። ስለዚህ ፕሪንተሩ ቀላል፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ለካርቶን፣ ለዕቃ መላኪያና በጥቂት ሳምንት ውስጥ ለሚወጣ ዕቃ ጥሩ ነው።

ለደኅንነት ምልክት ግን በፍጹም አይምረጡት። ፀሐይ ያነጣዋል፤ ሙቀት ሙሉ በሙሉ ያጠቁረዋል፤ አልኮልና ዘይትም ጽሑፉን ያጠፉታል። ይጠበቅ ብሎ በሙቅ ላሚኔተር ያሳለፈው ሰው በሌላ በኩል የሚያገኘው ጥቁር ወረቀት ነው። የተሰጠዎት ሌብል የዚህ ዓይነት መሆኑን ለማወቅ ባዶ ቦታውን በጥፍር በፍጥነት ይፋቁት፤ ጥቁር መስመር ከወጣ እሱ ነው።

በሪባን የሚያትም ፕሪንተር

ለመጋዘንና ለፋብሪካ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ይህ ነው። ሙቀቱ ከሪባኑ ላይ ቀለሙን አቅልጦ ሌብሉ ላይ ያትመዋል። እንደ ዜብራ ያሉ የጠረጴዛ ፕሪንተሮች በአብዛኛው እስከ 104 ሚሊሜትር ስፋት ያትማሉ፤ ይህ ለመደርደሪያ፣ ለጀሪካን፣ ለቧንቧና ለማሽን ቁጥር በቂ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሪባኑንና ሌብሉን ማጣመር ላይ ነው። ሦስት ዓይነት ሪባን አለ። የሰም ሪባን ለወረቀት ነው፤ ርካሽ ነው፤ ፕላስቲክ ላይ ግን በጣት ሲታሽ ይነሳል። ሰምና ሬዚን (ጠንካራ የፕላስቲክ ዓይነት ቀለም) የተቀላቀለበት ሪባን ፖሊፕሮፒሊን ለሚባለው ፕላስቲክና ለሚያብረቀርቅ ወረቀት ይስማማል። ንጹሕ ሬዚን ፖሊስተርና ቪኒል ለሚባሉት የፕላስቲክ ሌብሎች ነው፤ ዘይት፣ ቤንዚንና መታሸት የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ፖሊስተር ሌብል ገዝቶ በሰም ሪባን ማተም ገንዘቡን ሁለቴ መጣል ነው። ሻጩ "ሁሉም አንድ ነው" ካለዎት ናሙና ያሳትሙና በጥፍር ይፋቁት፣ ቀጥሎም ነዳጅ በነካ ጨርቅ 20 ጊዜ ይሹት። ጽሑፉ ከቆመ ይውሰዱት።

ሪባን ሲገዙ አራት ነገር ጽፈው ይሂዱ፦ ስፋት፣ ርዝመት፣ የመሐሉ ቱቦ ስፋትና ቀለሙ በየትኛው ፊት እንዳለ። አነስተኞቹ የጠረጴዛ ፕሪንተሮች 12.7 ሚሊሜትር ቱቦ ያለው 74 ሜትር ሪባን ይወስዳሉ፤ ተለቅ ያሉት 25.4 ሚሊሜትር ቱቦና 300 ሜትር። ቀለሙ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ሪባን ቀለሙ ወደ ውጭ እንዲሆን ለተሠራ ፕሪንተር ከገባ ሌብሉ ባዶውን ይወጣል፤ ፕሪንተሩ ተበላሸ ተብሎ ጥገና የሚወሰደውም በዚህ ሰበብ ነው። ስኮች በሪባኑ ውጫዊ ፊት ላይ ለጥፈው ይንቀሉት፤ ጥቁር ይዞ ከመጣ ቀለሙ ውጭ ነው። የሪባኑ ስፋት ሁልጊዜ ከሌብሉ ትንሽ ይብለጥ፤ ካነሰ የማተሚያው ራስ በቀጥታ ሌብሉ ላይ እየታሸ ያልቃል።

ወጪውን በሌብል ያስሉ እንጂ በጥቅል አያስሉ። 100 በ50 ሚሊሜትር ሌብል በመካከሉ 3 ሚሊሜትር ክፍተት ስላለው እያንዳንዱ 53 ሚሊሜትር ሪባን ይበላል። 74 ሜትር ሪባን ወደ 1390 ሌብል፣ 300 ሜትር ሪባን ወደ 5660 ሌብል ያትማል ማለት ነው። የሪባኑን ዋጋ ለዚህ ያካፍሉ፣ የአንዱን ባዶ ሌብል ዋጋ ይደምሩ፤ ሁለት ሻጮችን ማነጻጸር የሚቻለው ያኔ ነው።

ጥቅል በተቀየረ ቁጥር ፕሪንተሩ ክፍተቱን እንዲለካ ካሊብሬት ይደረግ፤ ካልተደረገ አንዱን እያተመ ሁለቱን ባዶ ይለቃል፣ ወይም ጽሑፉ በሁለት ሌብል መካከል ይወድቃል። የጥቁረቱን መጠን ጥርት ብሎ ከሚያትመው ዝቅተኛ ቁጥር አያሳልፉ። ከፍ ሲል ሪባኑ ይበጠሳል፣ የማተሚያው ራስ ዕድሜም ያጥራል። ሪባን በተቀየረ ቁጥር የማተሚያው ራስ ቀዝቅዞ በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጠረግ። በሌብሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጭን ነጭ መስመር ከታየ ወይ ቆሻሻ ነው ወይ የተቃጠለ ነጥብ፤ ተጠርጎ ካልጠፋ የተቃጠለ ነው፤ የማተሚያው ራስ መቀየር አለበት። ከመግዛትዎ በፊት የማተሚያውን ራስ ዋጋና አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱን ይጠይቁ። ፕሪንተሩን ሳይሆን ይህን መለዋወጫ ማግኘት ነው የሚያስቸግረው።

በካሴት የሚሠራ ትንሽ ማሽን

የብራዘር ፒ-ታች ዓይነቱ ነው። ላሚኔት የሆነው ቴፕ ጽሑፉን ከፕላስቲክ ሥር ስለሚያትም ውሃና መታሸት ይችላል። ስፋቱ ከ3.5 እስከ 36 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ አንዱ ካሴት በአብዛኛው 8 ሜትር ነው። ለብሬከር፣ ለሶኬት፣ ለኬብል፣ ለመሣሪያ ሣጥንና ለፋይል ከዚህ የሚሻል የለም። በባትሪ የሚሠራው ሞዴል መብራት ሲጠፋም አይቆምም።

ጉዳቱ ቴፑ ውድ መሆኑና ማሽኑ ማባከኑ ነው። ከእያንዳንዱ ሌብል በፊት ወደ 25 ሚሊሜትር ባዶ ቴፕ ይወጣል። 70 ሚሊሜትር ሌብል አንድ በአንድ ቢታተም ከአንድ ካሴት 84 ገደማ ይገኛል፤ በሰንሰለት ማተሚያው አከታትለው ካተሙት ግን ከ110 ያላነሰ ይወጣል። ስለዚህ የፓነሉን ሁሉ ስም ጽፈው ጨርሰው በአንድ ጊዜ ያትሙ። ለኬብል ተጣጣፊውን ቴፕ፣ ሻካራ ቀለም ለተቀባ ብረት ጠንካራ ሙጫ ያለውን ቴፕ ይጠይቁ፤ ተራው ቴፕ ኬብል ላይ ተጠቅልሎ ሲያድር ጫፉ ይላቀቃል።

ስቲከር ቤት ማሠራት

ትልቅ፣ ባለ ቀለምና ቁጥሩ ጥቂት ለሆነ ምልክት ስቲከር ቤት ይሂዱ። ለ15 የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ብሎ ፕሪንተር መግዛት ትርፍ ወጪ ነው።

ሲያዝዙ እነዚህን ይናገሩ። ስቲከሩ ከታተመ በኋላ ላሚኔት ከመደረጉ በፊት 24 ሰዓት ይረፍ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ የተላሚነተ ስቲከር ጠርዙ ይነሳል። ለደጅ ከሆነ ላሚኔሽኑ ፀሐይ የሚከላከል ይሁን። የታተመ ቀይና ቢጫ ከሁሉ ቀድሞ ይነጣል፤ የክልከላው ቀይ ክብ ሲጠፋ የሚቀረው ሲጋራ ብቻ ነው፣ "ማጨስ ክልክል ነው" የሚለው ምልክት ትርጉሙ ይገለበጣል። ስለዚህ ደጅ ለሚሰቀል ቀይ ምልክት ራሱ ቀይ ከሆነ ቪኒል ተቆርጦ የተለጠፈ ይሻላል። ስቲከሩ ግድግዳ ላይ በቀጥታ አይለጠፍ፤ የኖራና የውሃ ቀለም ግድግዳ ልጣጩን ይዞ ይወርዳል። በፕላስቲክ ሰሌዳ ወይም በላሜራ ላይ ተለጥፎ በብሎን ይታሰር።

ወለልና ቧንቧ ደግሞ የቀለም ሥራ ነው። የመተላለፊያ መስመር በቴፕ ቢሠራ ፎርክሊፍት ሲዞርበት ይገፈፋል፤ ደረቅና የታጠበ ኮንክሪት ላይ የተቀባ ኢፖክሲ ቀለም ይቆያል። መስመሩ ከ5 ሴንቲሜትር አይነስ። ቅዝቃዜ፣ ሙቀትና የብየዳ ብልጭታ ባለበት ማሽን ላይ ለሚቀመጥ ቁጥር የተቀረጸ አልሙኒየም ሳህን በሁለት ሪቬት ይያዝ።

አማርኛው

የውጭ መመሪያ የማይነግረው ይህን ነው። የሌብል ፕሪንተር ውስጥ የተጫኑት ፊደሎች በአብዛኛው ግዕዝ የላቸውም፤ በማሽኑ ቁልፎች ብቻ የሚጻፍበት ትንሽ ማሽንም አማርኛ አይጽፍም። ስለዚህ ከኮምፒውተር ጋር በዩኤስቢ የሚገናኝ ሞዴል ይምረጡ፤ ጽሑፉ ከኮምፒውተሩ እንደ ምስል ሄዶ ይታተማል። ኒያላ፣ ኢብሪማ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባሉት ፎንቶች ይሠራሉ። ለሌብል ኖቶው በወፍራሙ ይመረጣል፤ ኒያላ ቀጭን እግር ስላለው በርቀት ይጠፋል።

203 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚታተም የነጥብ ብዛት) ያለው ፕሪንተር በሚሊሜትር 8 ነጥብ ያትማል። 8 ፖይንት (የፊደል መጠን መለኪያ) ፊደል ቁመቱ 2.8 ሚሊሜትር ስለሆነ ለአንድ ፊደል የሚደርሰው 22 ነጥብ ነው። ለላቲን ፊደል ይበቃል፤ በአማርኛ ግን ድምፁን የሚለየው ትንሿ ቅጥል ናት፣ እሷም ትደፈናለች። ቫልቭ ላይ "ዝጋ" እና "ዝግ" አንድ አይደሉም፤ አንዱ ትእዛዝ ነው፣ ሌላው ያለበትን ሁኔታ መናገር ነው። ጋ እና ግ ካልተለዩ ኦፕሬተሩ ክፍቱን ዝግ ነው ብሎ ያልፋል። በ203 ዲፒአይ ከ12 ፖይንት በታች አይውረዱ፤ ትንንሽ ጽሑፍ ከበዛ 300 ዲፒአይ ይግዙ። ቃሉን ራሱንም ያስረዝሙት፦ "ይህን ቫልቭ ዝጋ"፣ "ሁልጊዜ ዝግ ይሁን"።

የመደርደሪያ ኮድ በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ሲሰጥ ሌላ ችግር ይመጣል። ሀ እና ሐ፣ ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በጆሮ አንድ ናቸው። በስልክ "ሀ 4 ላይ አለ" የተባለ ልጅ ሐ 4ን ያወርዳል። ከየጥንዱ አንዱን ብቻ ይጠቀሙ፣ ወይም ረድፉን በቁጥር ይስጡ።

በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፈ ፋይል ስቲከር ቤት ሲደርስ ዝብርቅርቁ ይወጣል። በዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር በሚያውቀው የፊደል አጻጻፍ) ይጻፉ፣ በፒዲኤፍ ይላኩ፣ ከመታተሙ በፊት ዲዛይኑን ያልሠራ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው። ሠራተኛው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ በሆነበት ቦታ ሁለቱ ቋንቋ እኩል መጠን ይኑራቸው። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ ሥዕሉ ነው የሚናገረው፤ በዓለም አቀፉ የደኅንነት ምልክቶች ደረጃ በአይኤስኦ 7010 ቀይ ክብ ከነሰረዙ ክልከላ፣ ሰማያዊ ክብ ግዴታ፣ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያ፣ አረንጓዴ መውጫና የመጀመሪያ ዕርዳታ፣ ቀይ አራት ማዕዘን የእሳት ማጥፊያ ነው። ቀለሙን ለውበት ብሎ መቀየር አይገባም።

መጠን

ለሰሌዳ ቀላል ስሌት አለ፦ የሚታይበትን ርቀት በሜትር በራሱ ያባዙና ለ2000 ያካፍሉ፤ የሚገኘው የምልክቱ አነስተኛ ስፋት በካሬ ሜትር ነው። ለ10 ሜትር 0.05 ካሬ ሜትር ይመጣል፤ ይህም በየጎኑ 22.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በዚህ ስሌት ኤ4 እስከ 11 ሜትር፣ ኤ3 እስከ 15 ሜትር፣ ኤ2 እስከ 22 ሜትር ያገለግላል። ረጅም መጋዘን ውስጥ በኤ4 የተሰቀለ የመውጫ ምልክት ከወዲያኛው ጫፍ ላለ ሰው የለም ማለት ነው።

ኬሚካል የተቀዳበት ዕቃ

ከሁሉ በላይ አጥብቀን የምንናገረው ስለዚህ ነው። በረኪናና አሲድ በአንድ ዓይነት ነጭ ጀሪካን ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ቲነር በሃይላንድ ሲቀዳ፣ ሰው ይጠጣል ወይም ይቀላቅላል። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ከበርሜል የተቀዳ ማንኛውም ነገር ሌብሉ ሳይለጠፍበት ከመቅጃው ቦታ አይነሳ።

የአውሮፓ ደንብ ለሌብሉ የሚያስቀምጠው መጠን ጥሩ መነሻ ነው፦ እስከ 3 ሊትር 52 በ74 ሚሊሜትር፣ ከ3 እስከ 50 ሊትር 74 በ105፣ ከ50 እስከ 500 ሊትር 105 በ148። ሌብሉ ላይ የዕቃው ስም፣ "አደጋ" ወይም "ማስጠንቀቂያ" የሚለው ቃል፣ ባለ ቀይ ጠርዝ ሥዕሉ፣ ጉዳቱ፣ ጥንቃቄውና የአቅራቢው አድራሻ ይኑር። በአንድ ቀለም የሚያትም ፕሪንተር ቀይ ጠርዝ ስለማያወጣ፣ ስቲከር ቤት ቀዩ ቀድሞ የታተመበት ባዶ ጥቅል አሠርተው ጥቁሩን በራስዎ ፕሪንተር ይሙሉ። ሳይሞላ የቀረ ቀይ ጠርዝ በጥቁር ይደፈን፤ ባዶ ቀይ ጠርዝ ትቶ ማለፍ ደንቡም አይፈቅድም።

ጀሪካን የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን ሙጫ አይወድም። ተራ አክሪሊክ ሙጫ ያለው ስቲከር በሳምንቱ ይወድቃል። ሲገዙ ለፖሊኤቲሊን የሚሆን፣ የጎማ ሙጫ ያለውን ይበሉ።

ማሽን ሲጠገን የሚንጠለጠለው "አትንካ፣ ሰው እየሠራ ነው" የሚል ካርድ ስቲከር አይሁን። በናይለን ፋሼታ ይታሰር፤ የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ደንብ ማሰሪያው ወደ 23 ኪሎ ኃይል ችሎ እንዲይዝ ይጠይቃል። በክርና በሽቦ ቁራጭ የታሰረ ካርድ ንፋስና ንዝረት ያወርደዋል።

የትኛውን?

እስከ 30 ሠራተኛ ላለው ጋራዥ ወይም የብረት ሥራ ቤት 24 ሚሊሜትር ቴፕ የሚወስድ፣ ከኮምፒውተር የሚገናኝ ማሽን ይበቃል፤ ትልልቁን ስቲከር ቤት ያሠሩ። መደርደሪያ ለበዛበት መጋዘን፣ በወር ጥቂት መቶ ሌብል ለሚፈልግ ወይም ኬሚካል ለሚቀዳ ቦታ ባለ ሪባኑን፣ ከ300 ዲፒአይ ጋር ይግዙ። ለሁሉም አንድ ማሽን ፍለጋ አይድከሙ፤ የለም።

አለጣጠፍ

ጥሩ ሌብል በመጥፎ አለጣጠፍ ይወድቃል። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ፣ ቅባቱን በአልኮል ይጥረጉ። በናፍጣ የተጠረገ ብረት ንጹሕ ይመስላል፣ ቀጭን ዘይት ግን ይቀርበታል። የአብዛኛው ሙጫ አነስተኛ የመለጠፊያ ሙቀት 10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የብረት በር ከዚያ በታች ስለሚቀዘቅዝ ረፋዱ ላይ፣ ፀሐይ ከነካው በኋላ ይለጥፉ። የሌብሉ ማዕዘኖች ክብ ቢሆኑ የሚነሳ ጫፍ አይኖርም። ከመሐል ወደ ጠርዝ በፕላስቲክ ካርድ ይጫኑት፤ ሙጫው በደንብ እስኪይዝ 24 ሰዓት በውሃ አይታጠብ፣ በጨርቅም አይታሽ።